ሽላክ በየትኛው አልኮል ነው የሚሟሟው? የእኔ ማሰሮ ሥር ማስቲካ ሆኖ ቀረ

እንጨት_ወዳድ
ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ትንሽ የእንጨት ሣጥን ሠርቼ በሽላክ (ከነፍሳት የሚገኝ፣ እንጨት የሚቀባ ሙጫ) ልጨርሳት ብዬ ነበር። ነጣ ያለውን ደረቅ የሽላክ ቅርፊት ገዛሁ። «በአልኮል ይሟሟል» ስላሉኝ ቤት ውስጥ የነበረውን የቁስል ማጽጃ አልኮል አፈሰስኩበት። ጠርሙሱ ላይ 70% ይላል። በማግስቱ ሳየው ከላይ ወተት የመሰለ ፈሳሽ፣ ከታች ደግሞ የታኘከ ማስቲካ የመሰለ ነገር ተኝቷል። በማንኪያ ላማስለው ብል ማንኪያው እዚያው ተጣብቆ ቀረ። እስካሁንም እዚያው ነው።

እልህ ይዞኝ ከላይ ያለውን ወተት መሰል ነገር ቀባሁት። ሣጥኗ ሲደርቅ ነጫጭ ደመና የወረደባት መሰለች። በጣት ስነካት ደግሞ ትለጥፋለች።

አሁን እጄ ላይ ያሉት እነዚህ ናቸው፦ ቲነር፣ ወይን ጠጅ ቀለም ያለው ስፒርቶ፣ 99% አይሶፕሮፒል የሚል የኤሌክትሮኒክስ ማጽጃ፣ እንዲሁም ከኮሮና ጊዜ የተረፈ ሳኒታይዘር። የትኛውን ልጠቀም?

ሰነፍ_አናጢ
ማንኪያውን ነፍስ ይማር።

70% ማለት ከመቶ እጅ ወደ ሠላሳ የሚጠጋው ውኃ ነው ማለት ነው። ሽላክ ደግሞ ከውኃ ጋር አይስማማም። አልኮሉ ሊያሟሟው ይሞክራል፣ ውኃው መልሶ ያስተፋዋል። ያ ወተት የመሰለው ነገር ያ ነው። ቲነሩን እርሳው፣ የሌላ ቀለም ዘመድ ነው። ሳኒታይዘሩን ለእጅህ ተወው።

ቀመር_ሠሪት
ከላይ የተባለው ልክ ነው፣ ትንሽ ልጨምርበት። ሽላክን የሚያሟሙት አልኮሎች ኢታኖል፣ ሜታኖል፣ አይሶፕሮፒል እና ቡታኖል ናቸው። አራቱም ሥራውን ይሠራሉ። ልዩነታቸው መጀመሪያ የሚታየው አተናነናቸው ላይ ነው። ሜታኖል በ65 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፣ ኢታኖል በ78፣ አይሶፕሮፒል በ82፣ ቡታኖል ግን 118 አካባቢ። መፍያው ከፍ ባለ ቁጥር የቀባኸው ነገር ቀስ ብሎ ይደርቃል።

አስቸጋሪው ግን ኬሚስትሪው አይደለም፣ ጠርሙሱ ላይ ያለው ስም ነው። «ስፒርቶ» ወይም «ዲናቸርድ» የሚባለው በመሠረቱ ኢታኖል ነው፣ ሰው እንዳይጠጣው ብለው የሆነ ነገር ጨምረውበታል። የተጨመረው ነገር ከአምራች አምራች ይለያያል። አንዱ መራራ ቅመም ጠብ ያደርግበታል፣ ሌላው ሜታኖል። ሜታኖሉ ጥቂት የሆነበት አለ፣ ግማሽ የሚደርስበትም አለ። ስሙ አንድ ነው፣ ውስጡ ሌላ። ስለዚህ ፊት ለፊት በትልቁ የተጻፈውን ተወውና የደኅንነት መረጃ ወረቀቱን ፈልግ። መቶኛው እዚያ ላይ አለ።

ምርጫው ለእኔ ቢሰጠኝ 95% እና ከዚያ በላይ የሆነ፣ ሜታኖል የሌለበት ኢታኖል እወስዳለሁ። ካጣሁ 99% አይሶፕሮፒል።

አሮጌ_መላጊያ
ልጆች፣ እኛ ጎማላካ ነበር የምንለው። መረጃ ወረቀት የሚባል ነገር አናውቅም። ቅርፊቱን ማታ ስፒርቶ ውስጥ ነክረን እንተኛለን፣ ጠዋት በጨርቅ አጥልለን ወደ ሥራ። ያንን ወይን ጠጁን ነው ዕድሜ ልኬን የሠራሁበት። ቀለሙ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፣ ጠቆር ባለ እንጨት ላይ ጭራሽ አይታይም። ለነጭ እንጨት ብቻ ቀለም አልባውን ብትፈልግ ደግ ነው።

ጠያቂው፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ቅርፊቱ የቆየ ነው ወይስ አዲስ?

ቀመር_ሠሪት
ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ወይን ጠጁ ላይ አንድ ነገር ልበል። ቀለሙ የሚጨመርበት ምክንያት አንዱ ሰው «ይህ አይጠጣም» ብሎ እንዲያውቅ ነው፣ ብዙውን ጊዜም ሜታኖል አለበት። ሜታኖል በአፍ ብቻ አይደለም የሚገባው። በትንፋሽም በቆዳም ይገባል። ሰውነት መጀመሪያ ወደ ፎርማልዴሃይድ፣ ቀጥሎ ወደ ፎርሚክ አሲድ ይቀይረዋል። ይኸኛው ነው የዓይንን ነርቭ የሚጎዳው። ስስ የላቴክስ ጓንት ብዙ አያግደውም። የተለመደው የቀለም ቀቢ ጭምብልም በሜታኖል ላይ ደካማ ነው። በእጅዎ ጨርቅ ይዘው፣ በተዘጋ ክፍል ውስጥ፣ ሰዓታት ሲያሹበት ከዋሉ ብዙ ነው የሚገባው።

አሮጌ_መላጊያ
እውነትሽን ነው ልጄ። ማታ ማታ ራሴን ይከፍለኝ ነበር፣ እኔ ድካም ነው እያልኩ። ባለቤቴ «ያ ውኃህ ነው» ትለኝ ነበር። ለካ ኬሚስት አግብቼ ኖሯል።

ጊታር_ጠጋኝ
እኔ የቆዩ ጊታሮች ነው የምጠግነው፣ ሽላክ በየቀኑ እጄ ላይ ነው። ኢታኖል ባለቀብኝ አንድ ወር ሙሉ በ99% አይሶፕሮፒል ሠርቻለሁ። ይሟሟል፣ ጊዜ ግን ይፈልጋል። በኢታኖል አንድ ሌሊት የሚበቃው ቅርፊት ሌላ ግማሽ ቀን ጨመረብኝ።

በብሩሽ ለሚቀባ ሰው አይሶፕሮፒል እንዲያውም ይመቻል። ቀስ ብሎ ስለሚደርቅ የብሩሹ መስመር ለመጥፋት ጊዜ ያገኛል። በጨርቅ ቋጠሮ ለሚያሽ ግን ሌላ ነው። ቋጠሮው የሚሄደው የታችኛው ሽፋን ቶሎ ስለሚይዝ ነው። አይሶፕሮፒል ሲሆን የታችኛው ገና ለስላሳ እያለ ትመለስበታለህ፣ ቋጠሮው ይነክሰዋል፣ የሠራኸውን ልጦ ያነሣዋል። እኔ በመጀመሪያው ቀን የአንድ ጊታር ደረት ላይ የአውራ ጣት የሚያህል ጠባሳ አውጥቻለሁ። በየሽፋኑ መካከል ረዘም አድርጌ መጠበቅ ስጀምር ነው የተስተካከለው።

ሽታውም ሆስፒታል ሆስፒታል ይላል። ደንበኛ ሲገባ «ማን ታሞ ነው?» ይለኛል።

አቧራ_በአቧራ
የሳኒታይዘሩን ነገር እኔ ልንገራችሁ፣ ሞክሬዋለሁና። 80% ኢታኖል ይላል፣ እኔም «ከ70 ይሻላል» ብዬ አፈሰስኩት። ጄል አልነበረም፣ እንደ ውኃ ቀጭን ነው። ጥቂቱ ሟሟ። ወንበር ቀባሁ። ሳምንት ሙሉ አልደረቀም! የተቀመጠ ሁሉ ሱሪው ላይ የወንበሩን ማኅተም ይዞ ይነሣል።

በኋላ ጀርባውን ሳነበው ለካ ግሊሰሪን አለበት።

ቀመር_ሠሪት
አዎ፣ የዓለም ጤና ድርጅት ቀመር ራሱ እንደዚያ ነው፦ ኢታኖል 80%፣ ግሊሰሪን 1.45%፣ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ 0.125%፣ የቀረው ውኃ። ግሊሰሪኑ እጅ እንዳይደርቅ ነው የገባው። እጅን የማያደርቅ ነገር ወንበርንም አያደርቅም። አልኮሉ ይበራል፣ ግሊሰሪኑ ግን ሽላኩ ውስጥ ቁጭ ይላል።

አንድ ቀላል ፍተሻ አለ። ንጹሕ መስታወት ላይ አልኮሉን ጥቂት ጠብታ አድርጉና ሙሉ በሙሉ እስኪተን ጠብቁ። ከዚያ መስታወቱን ወደ ብርሃን አዘንብሉት። ቀለበት፣ ቅባት ወይም ደመና ከቀረ ያ ነገር ሽላካችሁም ውስጥ ይቀራል።

እንጨት_ወዳድ
በጣም አመሰግናለሁ። ጋሼ፣ ቅርፊቱ መቼ እንደተመረተ አላውቅም። ሻጩ ጋ መስኮት ላይ፣ ፀሐይ ላይ ነበር የተቀመጠው። ችግር አለው?

ሌላ ጥያቄ። ጓደኛዬ ሁለት ጠርሙስ አልኮል ሰጥቶኛል። የአንዱ ጽሑፍ ተልጧል። ምን ያህል ውኃ እንዳለበት በምን ላውቅ?

ቀመር_ሠሪት
በሚዛን ታውቀዋለህ። አልኮል ከውኃ ይቀላል፣ ውኃ በገባበት ቁጥር እየከበደ ይሄዳል።

እንዲህ አድርግ። አንገቱ ጠባብ የሆነ ጠርሙስ ውሰድ፣ አንገቱ ላይ በማርከር መስመር አድርግ። ባዶውን መዝን። እስከ መስመሩ ውኃ ሙላና መዝን። ደፍተህ በደንብ አድርቀው። አሁን እስከዚያው መስመር አልኮሉን ሙላና መዝን። ከሁለቱም ላይ የባዶውን ጠርሙስ ክብደት ቀንስ። ከዚያ የአልኮሉን ለውኃው አካፍል። ክፍል ውስጥ ባለ ሙቀት፣ 20 ዲግሪ አካባቢ፣ 0.79 ከወጣልህ ውኃ የለበትም ማለት ይቻላል። 0.81 ከሆነ 96% አካባቢ ነው፣ በደንብ ይሠራል። 0.89 ካየህ ያው የቁስል ማጽጃህ ነው።

ግን ልብ በል። የሜታኖልም ክብደት 0.79 ነው። ሚዛኑ ውኃን ያጋልጣል እንጂ ሜታኖልን አያጋልጥም። ጽሑፉ የተላጠውን ጠርሙስ እኔ ብሆን ንጹሕ ቢወጣም አልቀባበትም።

ሰነፍ_አናጢ
«ጓደኛዬ የሰጠኝ ጽሑፍ የሌለው ጠርሙስ» ብሎ የሚጀምር ታሪክ በጥሩ አያልቅም።

ጉጉ_እጅ
ይቅርታ ላቋርጥ። 70%ቱን ቤት ውስጥ አፍልቶ፣ እንፋሎቱን አቀዝቅዞ ማጥራት አይቻልም? ውኃው ወደ ኋላ ይቀራል አይደል?

ቀመር_ሠሪት
አይሞከርም! የኢታኖል ተን በ13 ዲግሪ አካባቢ ጀምሮ እሳት ይይዛል። ማለትም በተራ ክፍል ሙቀት፣ ሳታሞቀው እንኳ፣ ከጠርሙሱ አፍ የሚወጣው ተን ብልጭታ ይበቃዋል። ነበልባሉ ደግሞ በቀን ብርሃን በደንብ አይታይም። እጅህ ሲቃጠል ነው የምታውቀው።

ቢሳካልህም ከ95.6% በክብደት አታልፍም። እዚያ ላይ ሲደርስ ውኃውና አልኮሉ ተያይዘው ነው የሚተኑት። ከዚያ በላይ ለማድረቅ 3ኤ የሚባለው ሞለኪዩላር ሲቭ አለ። ትናንሽ ኳሶች ናቸው፣ ቀዳዳቸው ውኃን ያስገባል፣ ኢታኖልን ግን አያስገባም። 95ቱን ወደ 99 ለማውጣት ጥሩ ነው። 70ውን ለማዳን ግን አትድከም፣ ሌላ ግዛ።

ጊታር_ጠጋኝ
እግረ መንገዴን፣ ሽላክ ለማሟሟት ምድጃ ላይ የሚጥዱ ሰዎች አይቻለሁ። እባካችሁ። ችኮላ ከያዛችሁ ለብ ያለ ውኃ ሳህን ውስጥ አድርጉ፣ ማሰሮውን ክዳኑን ላላ አድርጋችሁ እዚያ ውስጥ አስቀምጡት። እሳት በሌለበት ክፍል።

ከዚያ ይልቅ የሚሻለው ቅርፊቱን በቡና መፍጫ መፍጨት ነው። ጫን ለቀቅ፣ ጫን ለቀቅ እያደረጋችሁ። በአንድ ትንፋሽ ከፈጫችሁት ይሞቅና ምላጩ ላይ ይጋገራል። ዱቄት የሆነው በጥቂት ሰዓት ይሟሟል። በመጀመሪያው ሰዓት በየአምስት ደቂቃው ነቅነቅ አድርጉት፣ አለዚያ ታች ተያይዞ ድንጋይ ይሆናል።

መጠኑን የጠየቀ የለም፣ ግን ልናገር። የእንግሊዝኛ መጽሐፎች «አንድ ፓውንድ፣ ሁለት ፓውንድ» ይላሉ። በጋሎን ስንት ፓውንድ ቅርፊት እንደገባ ማለታቸው ነው። ወደ እኛ ሲመጣ አንዱ ፓውንድ በሊትር 120 ግራም ነው። ለብሩሽ ሁለት ፓውንድ ጥሩ ነው፣ ስለዚህ ለ250 ሚሊ ሊትር 60 ግራም። በቋጠሮ ለማሸት ግማሹን፣ 30 ግራም። ሲወፍር አልኮል ትጨምራለህ፣ ነገሩ ቀላል ነው።

ማሰሮው የብርጭቆ ይሁን። ሽላክ አሲድነት አለው፣ ብረት ነክቶ ከዋለ ይጠቁራል። ማንኪያ የቀረበት ወንድሜ፣ ይህ ለአንተ ነው።

አሮጌ_መላጊያ
ፀሐይ ላይ የነበረ ካልክማ ጠረጠርኩ። ያ ነጣ ያለው በኬሚካል የነጣ ነው፣ ዕድሜው አጭር ነው። ሙቀት ላይ ከቆየ ራሱን በራሱ ያስርና አልኮል እንቢ ይላል። አልኮሉን ብቻ አትውቀስ። አዲስ አልኮል ውስጥ ትንሽ ቆንጥረህ ጨምርና እይ።

እንጨት_ወዳድ
ከሦስት ቀን በኋላ ተመልሻለሁ። 96% ኢታኖል አገኘሁ፣ መረጃ ወረቀቱን አንብቤ፣ ሜታኖል የለበትም። ጋሼ እንዳሉት 10 ግራም ቅርፊት ፈጭቼ 40 ሚሊ ሊትር ውስጥ ጨመርኩ። ሌሊቱን አደረ። ጠዋት አብዛኛው ሟሟ፣ ግን ታች እንደ ጄሊ የሚንቀጠቀጥ ነገር ቀረ። በጨርቅ አጠለልኩት። የወረደውን መስታወት ላይ ጠብ አደረግኩ። በማግስቱ በጥፍሬ ስጫነው ምልክቱ ይቀራል።

ውኃው 4% ስለሆነ ነው?

አሮጌ_መላጊያ
አይደለም። ጄሊው ቅርፊቱ ማርጀቱን ነው የሚነግርህ። ደህና ሽላክ ጠብታው በደቂቃዎች ይደርቃል፣ በማግስቱ በጥፍር ስትፍቀው ዱቄት ሆኖ ይነሣል። ያንተን ጣለው።

ቀመር_ሠሪት
ጋሼ አሸነፉኝ፣ እኔ ስለ ቅርፊቱ አልጠየቅኩም ነበር።

የሟሟውም እንደዚያው ነው፣ ጠርሙስ ውስጥ ዝም ብሎ አይቀመጥም። የሽላኩ አሲድ ከአልኮሉ ጋር ቀስ በቀስ እየተዋሃደ ኤስተር የሚባል ሌላ ውህድ ይሆናል፣ እየቆየም መድረቅ ይተዋል። ቀን ጽፋችሁ ለጥፉበት። ስድስት ወር ካለፈው ሥራ ላይ ከማዋላችሁ በፊት በጠብታ ፈትሹት። ደረቁ ቅርፊት ግን ቀዝቃዛና ጨለማ ቦታ ካስቀመጣችሁት ብዙ ይቆያል፣ በተለይ ያልነጣው።

አቧራ_በአቧራ
ከርዕስ ልውጣና፣ እነዚያ በደቂቃ 78 ጊዜ የሚሽከረከሩት የድሮ ሸክላዎች ከሽላክ ነው የተሠሩት ይባላል። እውነት ነው?

ጊታር_ጠጋኝ
እውነት ነው፣ ሽላክና የድንጋይ ዱቄት ድብልቅ ናቸው። ስለዚህ አያትህ ቤት ካሉ በአልኮል እንዳታጸዳቸው። ዘፈኑን ጠርገህ ነው የምታወጣው።

እንጨት_ወዳድ
አዲስ ቅርፊት ገዛሁ፣ ቡናማውን፣ ሰሙ ያልወጣለትን። በዚያው 96% ኢታኖል ነከርኩት። ከሰዓት ነክሬ ማታ ላይ አንድም ፍሬ አልቀረም። ደብዘዝ ያለ ነው፣ ሰሙ መሰለኝ። ጠብታው መስታወት ላይ አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ደረቀ። በማግስቱ በጥፍር ስፍቀው ዱቄት!

ሣጥኗን ደግሞ ብርጭቆ ወረቀት ልፈልግላት ስል በአልኮል የራሰ ጨርቅ አሳለፍኩባት። ያ ነጭ ደመናና የሚለጥፈው ሁሉ ጨርቁ ላይ ተነሣ። ከአሥር ደቂቃ በኋላ እንጨቱ ባዶውን ቀረ። ሌላ ቬርኒሽ ቢሆን እስካሁን እየፋቅኩ ነበር።

ሁለት ሽፋን ቀባሁ፣ አማረች። ሦስተኛውን ዛሬ ዝናብ እየዘነበ ቀባሁት፣ መልሶ ነጣ። አልኮሉ አሁን ምን ሆነ?

ጊታር_ጠጋኝ
አልኮሉ ምንም አልሆነም፣ አየሩ ነው። አልኮል ሲተን ገጹን ያቀዘቅዘዋል። አየሩ እርጥብ ሲሆን ቀዝቃዛ ጠርሙስ ላይ እንደሚታየው ዓይነት ጤዛ ሽፋኑ ላይ ይወርዳል፣ ውኃውም እዚያው ይታሰራል። ቀኑ ሲደርቅ አልኮል በትንሹ የነካው ቋጠሮ ሳትጫን አሳልፍበት፣ ይጠፋል። የግድ በእርጥብ ቀን መሥራት ካለብህ ትንሽ ቡታኖል ጠብ አድርግበት፣ ትነቱን ያዘገየዋል። ሽታው ግን ከባድ ነው፣ መስኮት ክፈት።

ሰነፍ_አናጢ
ወይም እንደ እኔ «ዛሬ ዝናብ ነው» ብለህ ተኛ።

እንጨት_ወዳድ
ተኛሁ፣ ጠዋት ፀሐይ ወጣ፣ አንድ ጊዜ ባሳልፍበት ነጩ ሄደ።

አንድ የመጨረሻ ጥያቄ፣ ሳትስቁብኝ። የማሰሮው ክዳን አልከፈት አለ። ጉልበቴ አለቀ።

አሮጌ_መላጊያ
ጥርሱ ላይ ሽላክ ደርቆበት ነው። ጨርቅ በአልኮል አርሰህ በክዳኑ ዙሪያ ጠቅልለው፣ ገልብጠህ ሩብ ሰዓት አቆየው። ከተከፈተልህ በኋላ ጥርሱን ጠርገህ ቫዝሊን ቀባው።

እንጨት_ወዳድ
ተከፈተ።